የወለቀ ልባስና ያልተነገረ መርዶ

ሂክማ የሞተችው ከምሳ በኋላ፣ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ሳለች ነው። መሞቷን አላወቀችም። ኮምቦልቻ ላይ በሰኔ እንዲህ ያለ ፀሐይ አይገኝም፤ ደመናው ሳይመለስ ላድርቀው ብላ ትጣደፍ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሽምብራ ቆሎ ነው። ቆሎ መብላት አልተከለከለም፤ ሰው ራሱ ነው የተወው። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሁሉ መንጋጋው ላይ ልባስ ካስገባ ወዲህ፣ ጠንካራ ነገር ወደ ቤቱ የሚያስገባ ጠፋ። ዳቦው ለስላሳ ሆነ፣ ሥጋው ተፈጭቶ ይሸጣል፣ አገዳ የሚመጥ ልጅ የለም። መቆርጠም የሚያውቅ ውሻ ብቻ ነው የቀረው። ሂክማ ግን "ጥርስ የተሰጠኝ ልበላበት ነው፤ እንደ ሕፃን አቅፌው ልዞር አይደለም" ባይ ናት። ሽምብራዋን ራሷ ትቆላለች፤ በሩን ዘግታ ትቆረጥማለች። ያን ቀን አንዷ ፍሬ ድንጋይ ሆነችባትና ልባሱ ተነቅሎ ምላሷ ላይ ወደቀ።

ልባስ ትንሽ ነገር ናት። ጥርስ መሳይ ናት፤ በጥርስ ላይ እንደ ቆብ ትደፋለች። ጠዋት ከባለቤቷ ቀድማ ትነቃና ሰውየው እንዴት እንዳደረ፣ ደሙ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለጤና ቤት ትናገራለች። በር የሚከፈተው ለእሷ ነው። አውቶቡስ የሚቆመው ለእሷ ነው። ዳቦ ቤቱ ለሂክማ ጨው የሌለበትን ዳቦ የሚያወጣላት ልባሷን ጠይቆ ነው። ፊርማ ከቀረም ቆየ፤ የተስማማ ሰው ጥርሱን ገጥሞ ይነክሳል፣ አለቀ። ሂክማና ነጂብ የተጋቡ ዕለት ቃዲው ፊት ቆመው ነክሰዋል። የነጂብ እናት "ምነው እንደ በግ" ብላ ሳቀች፤ ቃዲውም ሳቀ።

ልባስ ሲወልቅ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። የከተማው ድምፅ ማጉያ ዓርብ ዓርብ ይናገረዋል፤ "ልባስዎ ከወለቀ አይደንግጡ። አይዋጡት። ጉድጓዱን በምላስዎ አይንኩ። በለብታ ውሃ ያለቅልቁት፣ በጉንጭዎ ይያዙት፣ ወደ ጤና ቤት ይሂዱ።" ሂክማ ይህን ስትሰማ ኖራለች። አለቀለቀችው። በጉንጬ ልያዘው ስትል ግን የሰፈሩ አናጢ ትዝ አላት። እሱ የወለቀውን ውጦ፣ እስኪወጣ ድረስ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ዘበኛ ቆሞበት ነበር። እናቷ ደግሞ "የወለቀ ጥርስ ወተት ውስጥ ይቆያል" ይሉ ነበር። ስለዚህ ወተት በብርጭቆ ቀዳች፣ ልባሱን ጨመረችበት፣ ወተቱ እንዳይበላሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችው። ጉድጓዱ ላይ ቅርንፉድ ነከሰች። አንሶላውን ላስጣና እሄዳለሁ ብላ ወጣች።

የእናቷ ምክር ለእናቷ ዘመን ጥርስ ልክ ነበር። ልባስ ግን የሚያውቀው የሰው ሙቀት ነው። ወተቱ ውስጥ ቀዘቀዘ። የቀዘቀዘ ልባስ የሚናገረው አንድ ወሬ ብቻ ነው።

አንሶላውን አስጥታ ስትመለስ በሯ አልከፈት አላት።

"የዚህ ቤት ባለቤት አርፈዋል" አለ በሩ። "ፈጣሪ ያጥናችሁ።"

"የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ!"

"ፈጣሪ ያጥናችሁ።"

"አንተን ያጥናህ!" አለችና በእግሯ መታችው። የጎዳችው የራሷን አውራ ጣት ነው። ማቀዝቀዣው ከውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማታል። ልባሷ እዚያ አለች፤ እሷ እዚህ ናት።

ጤና ቤት በእግሯ ሄደች። እዚያም በሩ አልከፈተላትም። መስታወቱን ደጋግማ ስትደበድብ አንዲት ሠራተኛ ብቅ አለች፤ ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። መጀመሪያ ሂክማን አየች፤ ቀጥላ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ አየች፤ እንደገና ሂክማን አየች።

"እትዬ፣ ይታዩኛል" አለች በመስታወቱ ቀዳዳ። "ግን የጥርስ ወንበሩ አይወርድልዎትም።"

"ወንበር ምን ያደርግልኛል? ቆሜ እያለሁ ለጥፊልኝ።"

"ልባሱስ የት አለ?"

"ቤት ነው። ወተት ውስጥ።"

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። "ቀዝቃዛ ወተት?"

"አፍልቼ ልክተተው ነበር?"

"እትዬ… በጉንጭ ነው የሚባለው እኮ።"

"ሰማሁ። አሁን ምን ይሁን?"

"የሞት እርማት የሚባል አለ።"

"እሱን አድርጊልኛ።"

"ማመልከቻውን ባለጉዳዩ ራሱ ነክሶ ነው የሚያስጀምረው።"

"በምን ልንከስ?"

ልጅቱ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረቻት። የመዝገቡ ሰዎች ከላይ እየመጡ፣ በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ዳስሰው ያርማሉ። ነገር ግን የዘንድሮውን ዙር ጨርሰው ሄደዋል። ከመስቀል በኋላ ይመለሳሉ።

"እስከ መስቀል ሞቼ ልቆይ ነው?"

"ብዙ ሰው ይቆያል" አለች ልጅቱ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ። "ዘመድ ቤት ይቀመጣሉ። ምንም አይሆኑም።"

ሂክማ ዘመድ ቤት መቀመጡን አልፈራችም። የፈራችው ሌላ ነው።

"ባሌስ? ነጂብ። ሳንባ ቤት ነው ያለው፣ ሐረጎ ዳገት ላይ።"

ልጅቱ ወደ ግድግዳው ዞራ አነበበች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። "ተጠሪው እርስዎ ብቻ ነዎት? ልጅ የለም? እናት፣ ወንድም የለም?"

"የለም።"

ሳንባ ቤት ውስጥ ተጠሪ የሌለው አልጋ የለም። ተጠሪ ደግሞ ጎረቤት አይሆንም፤ ወይ ደም ነው ወይ ትዳር። ተጠሪው ያረፈበት በሽተኛ "ወደ ቤቱ ይሸኛል" ይባላል። ቤቱ ውስጥ ግን መተንፈሻ መሣሪያ የለም። ነጂብ ብረት ማቅለጫው ውስጥ ጎልማሳነቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ነው፤ መተንፈሻው ቢነቀል ከአልጋው እስከ በሩ አይደርስም።

"መቼ ነው የሚሸኙት?" አለች ሂክማ።

"ፋይሉ ሲዘጋ ነው። ፋይሉ የሚዘጋው መርዶ ሲነገረው ነው። እስከዚያ አልጋው የእሱ ነው።" ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መልእክቱ ግን ለቅሬያችሁ ዳኛ ሄዷል፣ እትዬ። ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የሄደው።"

ሂክማ በመጣችበት እግሯ ተመለሰች።

በወሎ ሰው ሲሞት የሚቀብረውም፣ መርዶ የሚነግረውም ቅሬ ነው፤ የጎረቤት ማኅበር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት። ልባስ እንደመጣ ሰሞን ይህ ቀርቶ ነበር። የዘመድህን ሞት የራስህ ጥርስ ይነግርሃል፤ መንገድ ላይም ሁን፣ እሳት ላይም ሁን፣ በዚያችው ቅጽበት። ሹፌር መሪ ላይ እያለ ሰማ። እናት የፈላ ውሃ ተሸክማ ሰማች። የቅሬ ዳኞች ተሰብስበው ለአቤቱታ ሄዱና ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን አንድ ነገር ለመኑ፤ ሞቱን እናንተ መዝግቡ፣ መርዶውን ለእኛ ተዉልን። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ ከሩቅ ተጀምሮ፣ በመግቢያ ነው። ደፍ ላይ ቆሞ ሞተ ብሎ የሚሄድ ሰው የለም። ተፈቀደላቸው። ሕጉም፣ የሟችን ስምና "አርፏል" የሚለውን ቃል የቅሬው ዳኛ በአፉ ሲያወጣ ልባሱ ሰምታ ፋይሉን ትዘጋለች የሚል ሆነ። ለሟቹ ግን በሮች ወዲያው ይዘጋሉ፤ በር ወግ የለውም።

ወደ ሰፈሯ ስትደርስ ጥሪው ተሰማ። "ቅሬ! ቅሬ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!" ሂክማ እንደማንኛውም ሰው ልቧ ድንግጥ አለ፤ ማን ይሆን አለች። እግሯ በልማድ ወደ ቅሬው መጋዘን ወሰዳት። አግዳሚ ወንበሮች እየወጡ ነው። ድንኳኑ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷታል።

"ማን ነው?" አለች።

ቤዛዊት፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ዞር ብላ ጮኸች። ያለቅስ የነበረው ፊቷ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብላ ቀረበችና የሂክማን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች፤ ሊጥ እንደምትፈትሽ ጫን አደረገችው።

"አንቺ ሴትዮ" አለች። "ትሞቂያለሽ።"

"ምን ልሁንልሽ? ወለቀብኝ እኮ ነው!"

አንዱ ሳቅ ሊል ሲል የቅሬው ዳኛ አያ ሙሄ በትራቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ አንድ ቀን መርዶ አዘግይተው የማያውቁ። ሂክማን ትክ ብለው አዩዋትና "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ተቀመጡ።

"ስምሽ መጥቶልኛል፣ ልጄ" አሉ። "ነገ ጎህ ሲቀድ ለነጂብ እንድናገር።"

"አይናገሩ።"

"ቅሬ ከተጠራ ይሄዳል። ከሄደ ይናገራል።"

"ይኸው ቆሜያለሁ፤ እያዩኝ ነው! ቢናገሩ ነጂብን ነው የሚገድሉት።"

"እያየሁሽ ነው።" አያ ሙሄ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "የሚያምነው የእኔን ዓይን ቢሆን ጥሩ ነበር። አላረፈችም ብዬ ብመልስ፣ ቅሬው ዋሸ ይባላል፤ እስኪታረም ድረስ የሚታመነው መዝገባቸው ነው። አንድ ቅሬ ከዋሸ መርዶውን ይነጥቁታል። ጥርስ ራሷ መናገር ትጀምራለች። ወንድሜ ከሊፋ መሰላል ላይ ሆኖ ነው የልጁን ሞት የሰማው። አንቺም ቀብሩ ላይ ነበርሽ።"

ሂክማ ነበረች፤ የአባትና የልጅ ሬሳ በአንድ ቀን ሲወጣ አይታለች።

"ዋሹ አላልኩም" አለች። "ዝም በሉ ነው ያልኩት።"

"ዝም ብሎ የሚመለስ መርዶ ነጋሪ የለም።"

"እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ።"

"ወዴት?"

"ወደ መርዶዬ።"

ቤዛዊት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "የራስሽ መርዶ ላይ ሄደሽ ልታለቅሺ?"

"ካስፈለገ ከአንቺ የተሻለ አለቅሳለሁ። ስታለቅሺ ሰማሁሽ እኮ፤ ዜማ የለሽም።"

"ሙት ወቃሽ እንዳልባል ብዬ ነው እንጂ…" አለች ቤዛዊት፣ እንባዋም መጣ።

አያ ሙሄ አዎም አላሉ እምቢም አላሉ። "እዚያ ስንደርስ አላህ ያለው ይሆናል" ብለው ተነሡ።

ያን ሌሊት ቤዛዊት በሯን በእግሯ ደግፋ ሂክማን አስገባቻት። ጎህ ሲቀድ ቅሬው ወጣ። የመርዶ ሰዎችን በር አይቆጥራቸውም፤ አንድ ላይ ከሄዱ አንድ ላይ ያልፋሉ። አውቶቡሱ ቆመላቸው። ሂክማ ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ዳገቱን ሲወጡ የቦርከናን ወንዝ የሸፈነው ጉም ከታች ቀረ። ከወንዶቹ አንዱ ቁርዓን ያነበንባል፤ አንዱ በዝቅታ አቡነ ዘበሰማያት ይላል። ሂክማ አያ ሙሄን ከኋላ አየቻቸው። አንገታቸው አልዞረም። ሰውዬው ምን እንዳሰቡ ከጀርባቸው ማንበብ አይቻልም።

ሳንባ ቤት ረጅም አዳራሽ ነው። አልጋዎቹ ሁሉ አብረው ይተነፍሳሉ፤ ሲስቡ አብረው፣ ሲለቁ አብረው። ነጂብ መስኮቱ ጋ ነው የተኛው። ገና እንቅልፉን አልጨረሰም ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቋቋም የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

"እንዴት አደርክ ነጂብ ልጄ?" አሉ አያ ሙሄ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ሌሊቱ እንዴት ነው? ሳሉ?"

"አልሐምዱሊላህ። ማን ነው?"

"ሰው መቼም እንግዳ ነው፣ ልጄ። የመጣ ይሄዳል…"

"አያ ሙሄ፣ በፈጠረዎት። ሂክማ የታለች?" ከአልጋው ለመነሣት ሞከረ፤ የመተንፈሻው ቱቦ መለሰው። "ማን ነው የሞተው?"

ሂክማ ሴቶቹን ገፍታ ወጣች። ሻሿን ከግንባሯ አነሣች።

"እኔ ነኝ" አለችው።

የሞተ ሰው የሚናገረውን የሚሰማ ልባስ የለም። አዳራሹ ውስጥ ምንም አልተለወጠም፤ አልጋዎቹ መተንፈሳቸውን ቀጠሉ። ነጂብ እጁን ዘረጋ፤ እጇን ያዘ፤ ክንዷን እስከ ክርኗ ዳሰሰ። ከዚያ አፏን አየ።

"ወለቀብሽ?"

"ወለቀብኝ።"

"መዘገቡሽ?"

"መዘገቡኝ። እስከ መስቀል።"

ነጂብ ብልህ ሰው ነው፤ ቀሪውን ማንም ሳይነግረው ደረሰበት። "እንግዲህ ከተነገረኝ እኔም ዛሬ እወርዳለሁ" አለ። ፊቱን ወደ አያ ሙሄ መለሰ። "አያ ሙሄ፣ የቅሬ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ለአንድ ሰው ብላችሁ የሰፈሩን ሁሉ ልታጡ አይገባም። ይናገሩ። አልቀየምዎትም።"

"አንተ ዝም በል!" አለች ሂክማ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። "አያ ሙሄ…"

ከሞተች ጀምሮ አፏ እንዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

አያ ሙሄ ቆመዋል። መንጋጋቸው ውስጥ የሚጎተጉታቸው ድምፅ እንዳለ ፊታቸው ላይ ይታያል፤ የሟችን ስምና ቃሉን ይናገሩ፣ ይናገሩ ይላል። አፋቸውን ከፈቱ። ቤዛዊት ዓይኗን ሸፈነች። ሽማግሌው ግን ቃሉን ሳይሉ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ጫማቸውን አወለቁ። ጋቢያቸውን ነጂብ አልጋ ሥር፣ ወለሉ ላይ አነጠፉና እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

"ተቀመጡ" አሉ ቅሬውን። ሁሉም ተቀመጠ።

"ሕጉን ለምነን ያወጣነው እኛ ነን" አሉ፣ መንጋጋቸውን እየዳሰሱ፣ ለልባሳቸው እንደሚነግሩ። "ቃሉን እናገራለሁ። ቃል የሚመጣው ግን በመግቢያ ነው። መግቢያው ይህን ያህል ይሁን ያለ የለም።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ነጂብ ልጄ፣ ሰው እንግዳ ነው ብዬ ነበር። አያትህ ከሊበን ሲመጡ እንግዳ ነበሩ። ምን ይዘው እንደመጡ ታውቃለህ? አታውቅም። አንድ ቀይ በሬ ነው፤ በሬውም ታሪክ አለው። ሲገዙት እንዲህ ሆነ…"

የበሬው ታሪክ እስከ ምሳ ሄደ። ከበሬው ወደ በሬው ሻጭ፣ ከሻጩ ወደ ሻጩ ሚስቶች ተሻገረ። ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ አንድ ይተካል። ከሰዓት ላይ የአያ ሙሄ ድምፅ ሻከረ፣ ሄዶ ሄዶ ተቆረጠ። ታሪኩ ከተቋረጠ መግቢያው እንዳለቀ ይቆጠራል፤ ቃሉ መነገር አለበት። ወንዶቹ ተያዩ። ያን ጊዜ ቤዛዊት፣ በዕድሜዋ መርዶ ላይ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከቆሙበት ቀጠለች።

"ሦስተኛዋ ሚስት ታዲያ…" አለች።

አያ ሙሄ በእጃቸው ቀጥዪ አሏት። ሂክማ የነጂብን ትራስ ከፍ አደረገችለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ እጇን አልለቀቀም። መተንፈሻው ይስባል፣ ይለቃል።

ቅሬው ተራ ገባ። ጠዋት የሚወጣ፣ ማታ የሚወርድ። ስንቅ የሚይዝ አለ፤ ታሪክ የሚያመጣ አለ። ጤና ቤቱ በየዕለቱ ይጠይቃል፤ መርዶው ተነገረ ወይ? እየተነገረ ነው ይባላል። ዳገቱ ላይ የሐምሌ ዝናብ ወረደ፣ ነሐሴ ገባ፣ የሻጩ ሚስቶች አልቀው ልጆቻቸው ተጀመሩ። መርዶው ገና መግቢያው ላይ ነው።